ከጣሪያው በፊት በራዱን ይዩ፦ የለንደንን የከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት መምረጫ መመሪያ

ለንደን የሚኖር ሰው ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣበት ከማይቀሩት ጥያቄዎች አንዱ «ያ ባለ ሦስት ደርብ ሳህን የሚቀርብበት ሻይ የት ነው?» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ከተማዋ ውስጥ የከሰዓት በኋላ ሻይ የማያቀርብ ትልቅ ሆቴል ማግኘት ይከብዳልና። ችግሩ ዋጋው ነው። በታወቁት ሆቴሎች ለአንድ ሰው ከ70 ፓውንድ በላይ ይጠየቃል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበትን ቤት በፎቶግራፍ ብቻ የመረጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ይቆጨዋል። ፎቶግራፍ ላይ ሁሉም ጣሪያ ወርቃማ፣ ሁሉም ስኮን (በክሬም የሚበላው ትንሽ ክብ የሻይ ዳቦ) ትኩስ ነው።

የእኔ መለኪያ አጭር ነው። ሻዩ በወጉ የሚፈላበት፣ ስኮኑ በዕለቱ የሚጋገርበት፣ እንግዳም ሳይጣደፍ የሚቀመጥበት ቤት ምርጥ ቤት ነው። ጣሪያው፣ ፒያኖውና አበባው ከእነዚህ ኋላ ይመጣሉ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች ቦታ ከመያዝዎ በፊትም ሆነ ከተቀመጡ በኋላ እንዴት እንደሚያጣሩ ያሳያሉ። ሰዓት የምጠቅሰው በእንግሊዝ አቆጣጠር ነው፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን ናቸው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ሻይ እንደፈለጉ ይወስኑ

የከሰዓት በኋላ ሻይ የሚባለው ሙሉው ግብዣ ሦስት ነገር ይይዛል፤ በጣት ቅርጽ የተቆረጡ ሳንድዊቾች፣ ስኮን ከክሬምና ከማርማላታ ጋር፣ በመጨረሻም ትንንሽ ኬኮች። ልማዱን በማስጀመር ስሟ የሚነሣው አና የምትባል የቤድፎርድ መስፍን ሚስት ናት፤ ዘመኑም 1840 አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ የመኳንንቱ እራት ወደ ምሽት እየዘገየ ሄዶ ስለነበር፣ በምሳና በእራት መካከል ያለውን ረሃብ ለማስታገስ ሻይ ከዳቦና ከኬክ ጋር ወደ ክፍሏ ታስመጣ ነበር ይባላል። ስለዚህ ግብዣው ከመነሻው መክሰስ ነው። እንደ ምሳ ቆጥሮ ተርቦ መሄድም፣ ምሳ በልቶ ጠግቦ መሄድም አያዋጣም፤ ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ ቀምሰው ምሳውን ቢተዉት ይሻላል።

ክሪም ቲ የሚባለው ደግሞ ስኮን፣ ክሬም፣ ማርማላታና ሻይ ብቻ ነው። ዋጋው ከሙሉው ግብዣ እጅግ ያንሳል። እንግዳዎ ስኮን ለመቅመስ ብቻ ከጓጓ ለወርቃማ ጣሪያ መክፈል አያስፈልግም፤ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ጥንታዊ ቤቶች ውስጥ ባሉት ካፌዎች የሚቀርበው ስኮን ከብዙ ሆቴሎች አያንስም። የአትክልት ቦታውንም ያያሉ።

ደረጃ 2፦ ቤቶቹን በየዓይነታቸው ይለዩ

አንደኛው ዓይነት ታላላቆቹ ሆቴሎች ናቸው። በ1906 የተከፈተው ሪትዝ፣ ፓልም ኮርት በተባለው አዳራሹ ለቤተ መንግሥት የቀረበ ግርማ አለው፤ በዚያው ልክ ተፈላጊነቱ ስለበዛ እንግዶቹን በተወሰነ ሰዓት ያስገባል፣ በተወሰነ ሰዓትም ያስወጣል። በ1889 የተከፈተው ሳቮይ በመስታወት ጉልላት ሥር ፒያኖ ያሰማል። ከ1837 ጀምሮ ያለው ብራውንስ በእንጨት የተለበጠ ግድግዳና የእሳት ምድጃ ያለው፣ ከሆቴል ይልቅ የሰው ሳሎን የሚመስል ቤት ነው። በጸጥታ መጨዋወት ለሚፈልግ ሰው ከሦስቱ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ሻይ ነጋዴው ራሱ የሚያቀርበው ነው። ከ1707 ጀምሮ ያለው ፎርትነም ኤንድ ሜሰን በፒካዲሊ መደብሩ አራተኛ ፎቅ ላይ የሻይ ሳሎን አለው፤ በ2012 የመረቁት ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበሩ። ሻይ መሸጥ ሥራው በሆነ ቤት የሻይ ዝርዝሩ ረጅም፣ አስተናጋጁም ስለ ቅጠሉ ሲጠየቅ የማይደናገር ይሆናል፤ ለሻይ ወዳጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ከለንደን ውጭ ያሉት ናቸው። በሰሜን እንግሊዝ ሃሮጌት የሚገኘውን ቤቲስ በ1919 የከፈተው ከስዊዘርላንድ የመጣ ጣፋጭ ሠሪ ነው፤ ዛሬም በሩ ላይ ሰልፍ አይጠፋም። ለእኛ ሰው ግን ከሁሉም የሚቀርበው የባዝ ከተማ ይመስለኛል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት ወደዚያ የሚጓዝ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። እግረ መንገዱን ከሮማውያኑ መታጠቢያ ጎን ባለው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተሠራው ፓምፕ ሩም ሻይ መጠጣት ይችላል። ክፍሉ ሰፊና ብርሃን የሞላበት ነው፣ በቀጥታ የሚጫወቱ ሙዚቀኞችም አሉት፤ ፌርፊልድ ሃውስ የሚከፈትበትን ቀን ግን ከመነሣትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ ዝርዝሩን ከቤትዎ ሆነው ያንብቡ

ሁሉም ቤት የምግብና የሻይ ዝርዝሩን በድረ ገጹ ያወጣል። መጀመሪያ የሻዩን ገጽ ይክፈቱ። «ጥቁር ሻይ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ኧርል ግሬይ» ብቻ የሚል ዝርዝር ካገኙ ቅጠሉ ከወረቀት ከረጢት እንደሚወጣ ይጠርጥሩ። ጥሩ ዝርዝር ሻዩ የመጣበትን አገር፣ አንዳንዴም የተለቀመበትን እርሻና ወቅት ይነግርዎታል።

ጥቂቶቹን ማወቅ ይጠቅማል። አሳም ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የሚመጣ፣ ደማቅና ኃይለኛ፣ ወተት የሚችል ሻይ ነው፤ ወፍራም ሻይ ለለመደ እንግዳ መጀመሪያ የምጠቁመው እርሱን ነው። ዳርጂሊንግ ከሂማላያ ግርጌ የሚመጣ፣ ቀለሙ የሳሳ፣ መዓዛው የአበባ የሆነ ሻይ ሲሆን ወተት ያጠፋዋል። ኧርል ግሬይ ቤርጋሞት በተባለ የሎሚ ዘመድ ዘይት የታሸ ነው። ላፕሳንግ ሱቾንግ በጥድ እንጨት ጢስ የደረቀ የቻይና ሻይ ነው፤ በወይራ የታጠነ ዕቃ የሚወድ ሰው ይወደው ይሆናል፣ ሌላው ግን በመጀመሪያው ጉንጭ ፊቱን ያጨማድዳል። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ የሚጠብቅ እንግዳ ካለዎት አስቀድመው ይንገሩት፤ በእነዚህ ቤቶች ቅመም ከሻይ ጋር እምብዛም አይገናኝም።

ቀጥሎ የክሬሙን ስም ይፈልጉ። ከስኮን ጋር መቅረብ ያለበት ክሎትድ ክሬም ነው፤ በዝግታ ተሞቆ የረጋ፣ በማንኪያ የሚቆረጥ፣ ላዩ ቢጫማ ቅርፊት የያዘ ወፍራም ክሬም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው የኮርንዎል ክሎትድ ክሬም ስሙ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ቢያንስ 55 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል። «የተመታ ክሬም» የሚል ካነበቡ ቤቱ ቁጠባ ጀምሯል ማለት ነው።

በመጨረሻም ሳንድዊችና ሻይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ይቀርብ እንደሆነ ይመልከቱ። ብዙ ታላላቅ ሆቴሎች ይህን ያደርጋሉ፤ የማያደርጉትም ዋጋቸው ዝቅ ያለ አይደለም። ስለ ፊልም ገጸ ባሕርያት ወይም ስለ ፋሽን ቤቶች ተብሎ የተሰናዳ ሻይ ካዩ ኬኩ ለካሜራ፣ ቀለሙም ለሕፃናት መሠራቱን ይወቁ። ልጆች ይዘው ከሄዱ መልካም ነው። ባህላዊውን ለማየት የመጣ እንግዳ ግን እዚያ ምንም አያይም።

ደረጃ 4፦ ስልክ ደውለው ይጠይቁ

በኢሜይል ከሚመጣ የተዘጋጀ መልስ ይልቅ ስልክ የሚያነሣው ሰው አነጋገር ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል። መጠየቅ ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

ጾም ከሆነ ቪጋን ዝርዝር እንዳላቸውና ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ እንደሚገባ ይጠይቁ። ቪጋን ማለት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ስለሆነ ለጾመኛ ይስማማል፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ቤቶችም ያዘጋጁታል። «ቬጀቴሪያን» (ሥጋና ዓሣ የሌለበት) የሚለው ዝርዝር ግን ቅቤና እንቁላል ሊኖርበት እንደሚችል አይዘንጉ፤ እንግዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም በእኛ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት (15:00) ለሚቆይ ሰው 15:30 ላይ የሚጀምረው ተራ የተመቸ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሰዓት መግጠም ቢፈልጉም አያገኙ።

ሙስሊም እንግዳ ካለዎት ሥጋው ሐላል መሆኑን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ለስላሳዎቹ ኬኮችና ክሬሞች ውስጥ የሚገባው ጄላቲን ከአሳማ ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንዱ ኬክ ደግሞ አልኮል ይነካዋል። ሁለቱንም ለይተው ይጠይቁ። የምግብ አለርጂ ላለበት ሰው የብሪታንያ ሕግ 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ምግቦችን ዘርዝሯል፤ ምግብ ቤቱ እነዚህ በየትኛው ምግብ ውስጥ እንዳሉ የመናገር ግዴታ አለበት። አጥጋቢ መልስ መስጠት ካልቻለ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

የሚቀጥለው ጥያቄ ጠረጴዛውን ይመለከታል። በብዙ ሆቴሎች ሻዩ የሚቀርበው ለስላሳ ሶፋ ፊት ለፊት ባለ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አጎንብሰው ሲበሉ ጉዳቱ ይታያል፣ ከሶፋው መነሣቱም ሌላ ሥራ ነው። ከፍ ያለ ጠረጴዛና መደገፊያ ያለው ወንበር እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ በዚያው ከፒያኖው ራቅ ያለ ቦታ ይለምኑ።

ደረጃ 5፦ የወጥ ቤቱን ንጽሕና ያረጋግጡ

ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የምግብ ቤቶች የንጽሕና ምርመራ ውጤት ከ0 እስከ 5 ባለ ነጥብ በመንግሥት የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ድረ ገጽ ይገኛል። በዌልስ ነጥቡን በር ላይ መለጠፍ ግዴታ ሲሆን በእንግሊዝ ግን በፈቃድ ነው፤ ለንደን ውስጥ በር ላይ ምንም ካላዩ ራስዎ ይፈልጉት። ክሬም፣ እንቁላልና ዓሣ በአንድ ሳህን በሚቀርብበት ግብዣ ከ5 በታች የሆነ ቤት አልመርጥም።

ደረጃ 6፦ ሰዓቱን ይምረጡ፣ ሒሳቡንም አስቀድመው ይጨርሱ

ሪትዝ ሻዩን ከ11:30 እስከ 19:30 በየሁለት ሰዓቱ በተራ ያቀርባል። ጠዋት 11:30 ላይ የሚቀርበውን የከሰዓት በኋላ ሻይ ማለት ይከብዳል፤ ንግድ ነው። 15:30 እውነተኛው ሰዓት ነው፣ ቶሎ የሚያልቀውም እርሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ በተለይም ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት ቀድመው ካልያዙ አያገኙም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መሄድ ከቻሉ አዳራሹ ረጋ ይላል፣ አስተናጋጁም ጊዜ ይኖረዋል።

በእያንዳንዱ ቤት ምን ያህል ሰዓት መቀመጥ እንደሚፈቀድ ይጠይቁ። ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ይተዉት። በሰባ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ደርብ ምግብና ሁለት በራድ ሻይ መጨረስ ግብዣ መሆኑ ይቀራል።

ብዙ ቤቶች ቦታ ሲይዙ በካርድ ክፍያ ይቀበላሉ። ከቻሉ ሙሉውን ያኔውኑ ይክፈሉ፤ እንግዳዎና እርስዎ «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ» እያላችሁ በዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ ቦርሳ ከመሻማት ትድናላችሁ። የስረዛ ደንቡንም ያንብቡ፤ የቪዛ ቀጠሮ የሚጠብቅ እንግዳ ቀኑ ሊገፋበት ይችላል።

ደረጃ 7፦ አለባበስ

ሪትዝ ከወንዶች ጃኬትና ክራባት በመጠየቅ የታወቀ ነው። ሌሎቹ ላላ ይላሉ፤ የተቀዳደደ ጂንስና የስፖርት ጫማ ግን በብዙዎቹ አይወደድም። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የትም ያስገባል፤ ያምራልም።

ደረጃ 8፦ ከተቀመጡ በኋላ ሻዩን ይመርምሩ

አስተናጋጁ ስለ ሻዩ የሚጠይቅዎት ከምግቡ በፊት መሆን አለበት። ሁሉም እንግዳ የራሱን ሻይ፣ በራሱ በራድ ማዘዝ ይገባዋል፤ ለአራት ሰው አንድ ትልቅ በራድ የሚያመጣ ቤት ከወዲሁ ነጥብ ጥሏል።

በራዱ ሲመጣ ክዳኑን ከፍተው ይመልከቱ፤ ነውር የለውም። ጥቁር ሻይ ገና በፈላ ውኃ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ መቆየት አለበት። ከዚያ በላይ ቅጠሉ ውኃው ውስጥ ከቀረ ሻዩ ይመርራል፣ ምላስ ይይዛል። ስለዚህ ጥሩ ቤት ከሦስት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሻዩን ወጥ ቤት ውስጥ አጥልሎ ያመጣዋል፣ ወይ ቅጠሉን ከነወንፊቱ ማውጣት የሚቻልበት በራድ ይሰጣል፣ ወይም ለብቻው ሙቅ ውኃና የሻይ ማጥለያ ጨምሮ ያቀርባል። ቅጠሉ በበራዱ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ፣ ማጥለያም ሙቅ ውኃም ሳይኖር ከመጣ፣ ሁለተኛው ስኒ ከመጀመሪያው የከፋ እንደሚሆን አይጠራጠሩ። ያኔ ሙቅ ውኃ ይጠይቁ፤ ያለ ክፍያ ይመጣል። አረንጓዴ ሻይ ያዘዘ ሰው ደግሞ ውኃው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን ይገባዋል። በሚንተከተክ ውኃ የተዘጋጀ አረንጓዴ ሻይ እንደ ሬት ይመርራል፤ ይመልሱት።

ወተት ከመጨመርዎ በፊት የስኒውን ገጽ በብርሃን ይዩት። የለንደን ውኃ በካልሲየም የከበደ በመሆኑ ባልተጣራ ውኃ የፈላ ሻይ ላይ ስስ ቡናማ ቆዳ ይንሳፈፋል። ውድ ቅጠል ገዝቶ ውኃውን ያላጣራ ቤት ግማሹን ሥራ ትቶታል። ስኒ ከማየት የሚያፍሩ ከሆነ ጉንጭዎ ይነግርዎታል፤ ሻዩ ደብዛዛና መዓዛ የሌለው ይሆናል።

ወተቱ ቀዝቃዛ ሆኖ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ይመጣል፤ እንደ እኛ የሻይ በወተት ልማድ አይፈላም። ሎሚም ጎን ለጎን ይቀርባል። ሁለቱን አንድ ስኒ ውስጥ ካገናኟቸው ወተቱ ይበጣጠሳል።

ደረጃ 9፦ ከታች ወደ ላይ ይብሉ

ልማዱ ከታችኛው ሳህን ሳንድዊች፣ ከመካከለኛው ስኮን፣ ከላይኛው ኬክ ነው። ሳንድዊችና ስኮን በእጅ ይበላሉ፤ እጃችን የለመደው ስለሆነ እዚህ ላይ የምንማረው የለም። ኬኩ በሹካ ነው።

ከሳንድዊቹ አንዱን ያንሡና ጠርዙን ይንኩት። ቅርፊቱ የተወገደ ዳቦ ቶሎ ይደርቃል፤ ጠርዙ ከጠነከረ ጠዋት ተቆርጦ የዋለ ነው። ባህላዊዎቹ ኪያር፣ እንቁላል በማዮኔዝ፣ ጢስ ያየው ሳልመን፣ ሃም (የአሳማ ሥጋ) በሰናፍጭ፣ እንዲሁም በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫኛ ግብዣ የተፈጠረው ዶሮ በካሪ ናቸው። የኪያሩን ሳንድዊች አይናቁት። የኪያሩ ውኃ ካልጠፈፈ ዳቦው ይረጥባል፣ ቅቤው እስከ ዳር ካልተቀባም እንዲሁ፤ በዚህ በትንሹ ነገር የተጠነቀቀ ወጥ ቤት በሌላውም አያሳፍርም።

ስኮኑ ከሁሉም ጋር አብሮ ከመጣ ሳንድዊቹን እስኪጨርሱ ይቀዘቅዛል። ጠንቃቃ ቤት የመካከለኛውን ሳህን ባዶ ትቶ፣ ስኮኑን በናፕኪን ጠቅልሎ በሰዓቱ ያመጣዋል። ቢላዋ አያንሡ፤ ወገቡን በሁለት እጅ ይዘው ይክፈሉት። በዕለቱ የተጋገረ ከሆነ በአግድም ይለያያል፣ ውስጡም እርጥበት አለው። ከፈረፈረ ወይም እንደ ዳቦ ከተሳበ ያደረ ነው፤ በማይክሮዌቭ የሞቀ እንደሆነም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠነክራል። የኮርንዎል ጎረቤት የሆነው የዴቨን ሰዎች ክሬሙን ያስቀድማሉ፣ የኮርንዎል ሰዎች ማርማላታውን። ክርክሩ ዘመን የጠገበ ነው፤ እኔ ማርማላታውን አስቀድማለሁ፣ ክሬሙ ትኩስ ስኮን ላይ ይቀልጣልና።

ስለ ኬኩ ብዙ አልልም። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው ጠግቧል።

ደረጃ 10፦ ሒሳቡና የተረፈው

ሒሳቡ ሲመጣ የአገልግሎት ክፍያ የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ለንደን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 12.5 በመቶ አስቀድሞ ተጨምሮበታል፤ በዚያ ላይ ሌላ ጉርሻ መተው አይጠበቅብዎትም። ክፍያው በፈቃድ እንደሆነ ከተጻፈ፣ አገልግሎቱ ካስከፋዎት እንዲነሣ መጠየቅ መብትዎ ነው። ካላስከፋዎት ይተዉት፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት አሠሪው ከዚህ ገንዘብ ቀንሶ ለራሱ ማስቀረት አይችልም፣ ለሠራተኞቹ ማከፋፈል አለበት።

ኬክ ከተረፈ እንዲጠቀለልልዎት ይጠይቁ። እኛ ማስጠቅለል እናፍራለን፤ እዚህ ግን ብዙ ቤቶች ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሚያምር ሣጥን አላቸው፣ አንዳንዱም ሳይጠየቅ ያመጣል። ሳንድዊቹን ለመጠቅለል እምቢ ቢሉ አይቀየሟቸው፤ ዓሣና እንቁላል ያለበት ዳቦ ከማቀዝቀዣ ውጭ ብዙ ስለማይቆይ ነው። ስኮኑን ሣጥን ውስጥ ካስገቡ በማግስቱ ጠዋት ምድጃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያሙቁት፤ ክሬሙን ግን ማስጠቅለሉን ይተዉና ከሱፐርማርኬት አዲስ ይግዙ።